ሁለት ደቂቃ ለቨርና ሊንድኲስት

ቨርና ሊንድኲስት በሕይወቷ ለማንም አንድ ሰከንድ ጨምራ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ማዕዘኑ ላይ ያልተገኘ ልጅ በእግሩ ይሄዳል እንጂ እሷ አትጠብቀውም ነበር። ጡረታ ስትወጣ የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የስብሰባ ሰዓት ያዥ አደረጋት። ሥራው አንዲት ሰዓትና ሦስት ካርዶች ይዞ ከተናጋሪው ፊት ለፊት መቀመጥ ነው። ሲጀምር አረንጓዴ፣ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው ቢጫ፣ ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ቀይ። ከቀዩ በኋላ የሚቀጥል ካለ ቨርና ቀና ብላ ታየዋለች፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚረብሽ ተማሪ በመስተዋት እንደምታይ አድርጋ። ስንት ፕሮፌሰር በዚያ አስተያየት አፉን ዘግቶ ወርዷል።

እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ እዚሁ ሰፈር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ያደልኩ ሰው ነኝ። አሁን በስብሰባ ቀን በር ላይ ተቀምጬ ስም እመዘግባለሁ፣ ተራ ቁጥር እሰጣለሁ። ብዙ ሰው አይወደኝም፤ እኔም ብዙ ሰው አልወድም። ቨርናን ግን እወዳታለሁ። ስለዚህ የሚያዝያውን ስብሰባ ሳወራችሁ ከማንም አልወገንኩም ብዬ አልዋሽም።

ጉዳዩ የተዘጋው የጥርስ ክሊኒክ ነበር። ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች ማረፊያ ይሁን ተብሎ ቤቱ ተቀብቷል፣ አሥራ ሁለት አልጋ ገብቶበታል። የቀረው የእኛ ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። ቅዳሜ በስብሰባው ደብዳቤው ከተጻፈ ሰኞ ይከፈታል።

ሐሙስ ዕለት ቨርና ቤቴ መጣች። ሳትደውል መጥታ አታውቅም። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ "ተራ ቁጥር ስጠኝ፤ ቅዳሜ እናገራለሁ" አለችኝ።

"አንቺ? ምን ልትይ?"

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ልጇ ኩርቲስ ሆስፒታል ነው፤ ዕፁን ከደሙ እያጠቡለት ነው፤ ማክሰኞ ያስወጡታል። ክሊኒኩ ቤት ለመግባት ከተመዘገቡት ሦስተኛው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ታክሞ፣ የሚያርፍበት አጥቶ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ድልድይ ሥር ትንፋሹ ሊቆም ሲል ነው የተገኘው። ሐኪሙ፣ ልቡ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን አይችልም ብሏታል።

"አንቺ ጋ ቢሆንስ?"

"የአረጋውያን አፓርታማ እኮ ነው የምኖረው! ሰው ማሳደር ክልክል ነው። ፈርሜያለሁ።" ፈርሜያለሁ ካለች ነገሩ አለቀ። "ደግሞ ከተያዝኩ ሁለታችንም ውጪ ነን።"

"ስለ ኩርቲስ ማን ያውቃል?"

"አንተ። ቅዳሜ ደግሞ ሁሉም።"

ቁጥር አሥራ ስምንት ጻፍኩላት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ጭንቀቱ እኔ ላይ ቀረ፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ እህል አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የምንሰበሰብበት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ውጪው ዝናብ ነው፤ ወለሉ በእርጥብ ጃኬትና በብስክሌት ቆብ ተሸፍኗል። ዶናት ቀርቧል፤ ግማሹ ወተትና እንቁላል የሌለበት ነው፣ ሁሉም ያመሰግነዋል፣ ማንም አይበላውም። ሰብሳቢያችን ሮዛሊንድ ደወሏን መታች፤ ቨርናም አረንጓዴውን አነሳች።

"እኔ ተራማጅ ነኝ፤ ግን" ብሎ ያልጀመረ አልነበረም። በር ላይ ሆኜ ቆጥሬያለሁ፤ ዘጠኝ ሰው በተከታታይ።

"ሌላው ከተማ መኪና ሲያመልክ የብስክሌት መንገድ የሠራን እኛ ነን" አሉ የአትክልት ቦታ ያላቸው አንዲት ወይዘሮ። "ቆሻሻችንን በሦስት በርሜል ለይተን የምንጥል ሕዝብ ነን። ማንም ተነሥቶ ስለ ተራማጅነት ሊያስተምረን አይችልም!"

ፕሪሲላ የምትባል ነርስ ተነሳች። "በርሜሉ ይቅርና ደጃችን የተከልነውን ሰሌዳ እንይ። 'ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ' ይላል። አሁን አሥራ ሁለት ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ስብሰባ ጠራን።"

"መዋለ ሕፃናቱ እኮ ከክሊኒኩ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፣ ልጄ!" አላት አንድ ሰው ከኋላ።

"ተራማጅ ከተማ ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነው" አለ ጺሙን ያጎፈረ ወጣት። "አስተማሪና ቀለም ቀቢ መኖር ካልቻለበት ይሄ ከተማ ሳይሆን ሙዚየም ነው።"

"አንተ አይደለህ ከካሊፎርኒያ መጥተህ ኪራዩን ያስወደድክብን?" አለው ሌላው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወጣቱም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እነሱ ስለ ከተማ ይከራከራሉ፤ እኔ የሚሰማኝ ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነው። የቨርናን ፊት አየሁ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ ካርዶቹ ግን በሰዓታቸው ይወጣሉ።

ዋረን ቶፍት ተራውን መጠበቅ አቃተው። ጡረታ የወጣ የሥነ ሕንፃ መምህር ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ራሱን ሲናገር መስማት ይወዳል። "ጎረቤትን ሳያማክሩ መወሰን ነው አፈና! ተራማጅ ማለት አሠራር ነው፣ ሁሉም የሚደመጥበት..."

"ዋረን፣ ተራህ አሥራ ዘጠኝ ነው" አለችው ቨርና። ተቀመጠ።

አሥራ ስምንት ቁጥር ሲጠራ ቨርና ካርዶቿን ይዛ ተነሳች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ንግግር ስታደርግ ሰምቶ የሚያውቅ የለማ። ሮዛሊንድ እጇን ዘረጋች። "ሰዓቱን እኔ ልያዝልሽ።"

"አመሰግናለሁ። አንቺ ባለፈው ጸደይ በእኔ ቦታ ሆነሽ ለዋረን አሥራ አንድ ሰከንድ ጨምረሻል።"

ሰዓቱንና ካርዶቹን በግራ እጇ፣ የንግግሯን ወረቀት በቀኝ ይዛ ቆመች። "ስሜ ቨርና ሊንድኲስት ይባላል" ብላ ጀመረች። አድራሻዋን ተናገረች። የነዳችውን አውቶቡስ ቁጥር ተናገረች። እዚያ አዳራሽ ካሉት አራቱን ትምህርት ቤት እንዳመላለሰቻቸው ተናገረች፤ ስማቸውንም ጠራች። ሰው ፈገግ አለ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ "ግቢበት፣ ግቢበት እንጂ" እላለሁ በልቤ። ሰዓቷን አየች፣ ደነገጠች፣ ያለችውን መልሳ አለች። ወረቀቱን ገለበጠችው። ገጹ ጠፋባት። የገዛ ቢጫዋን አነሳች።

"የመጣሁት..." አለች። "የመጣሁት ስለ ልጄ ነው። ልጄ..."

ሰዓቱን አየችና ቀዩን ካርድ ለራሷ አነሳች።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ግን ቨርና እውነትም ልትቀመጥ መሆኑን አዩ። "ትጨርስ!" አለ አንዱ። "ይጨመርላት!" አለች ፕሪሲላ።

"ለማንም አልጨመርኩም" አለች ቨርና፤ ተቀመጠችም። ተነሥቼ ልጩህ አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ውሻ እየነከሰኝ ፖስታ ያደልኩ ሰው፣ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ።

ዋረን ማይክሮፎኑ ጋ ደረሰ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "በእኔ ሰዓት ልጠይቅሽ፣ ቨርና። ልጅሽ ምን ሆነ?"

አረንጓዴውን አነሳችለት። "ኩርቲስ ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ነው። ማክሰኞ ከሆስፒታል ይወጣል።"

"ቤቱ ካልተከፈተ ወዴት ይሄዳል?"

"አላውቅም።"

የዋረን ዓይን እንባ ሞላ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። ቨርና ግን ቢጫውን አሳየችው። "ሠላሳ ሰከንድ ቀርቶሃል።"

"ጓደኞች" አለ ዋረን ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "ይህን የመሰለ ከባድ ጉዳይ በአንድ ጠዋት መወሰን ለቨርናም ለልጇም ክብር አይሆንም። አጥኚ ኮሚቴ እናቋቁም። ኩርቲስን የመሰሉ ሰዎችም ይወከሉበት። መስከረም ላይ በሙሉ መረጃ እንወስን።"

አዳራሹ እፎይ አለ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም እጁን አወጣ፤ ሠላሳ ስምንት ለዘጠኝ። ከዚያ አጨበጨቡ። ሲያጨበጭቡ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩ! ከዘጠኙ አንዷ ፕሪሲላ ነበረች። የበር ጠባቂ ድምፅ የለውም፤ ቢኖረኝም አፌን ያልከፈትኩት እኔው ነኝ፤ እስካሁን ያበሳጨኛል። ሮዛሊንድ ቨርናን አቅፋ፣ የኮሚቴውንም ሰዓት እንድትይዝ ለመነቻት። ቨርና ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ኮቷን ለበሰች።

በሳምንቱ ሐሙስ ሾርባ ይዤ አፓርታማዋ ሄድኩ። ስልክ አላነሳ ብላኝ ነበር። በሩን አንኳኳሁ።

"ማነው?" ድምፁ የቨርና አይመስልም።

ስሜን ነገርኳት። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። የሆነ ነገር ተዘጋ። ቆይታ በሩን በጣት ያህል ከፈተችው። "ብቻህን ነህ?"

"ሾርባ ይዣለሁ።"

አስገብታኝ ወዲያው ቆለፈች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን አለ፤ ሁለተኛውን እጇ ላይ ይዛዋለች፣ ውኃው ይንጠባጠባል። በአምስት ቀን ውስጥ አምስት ዓመት አርጅታለች። "የሕንፃው አስተዳዳሪ ትናንት ሁለት ጊዜ አለፈ" አለችኝ። "ልብስ ማጠቢያው ጋ የሰው ዓይን በዛ። የወንድ ካልሲ አይተው ይሆን?" ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞራ፣ "ውጣ፤ የእኛ ሰው ነው" አለች።

ሳጥኑ ተከፈተ። ኩርቲስ በእናቱ የክረምት ካፖርቶች መካከል፣ ቁመቱ አላስቆም ብሎት አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። ቀስ ብሎ ወጣ። "ጤና ይስጥልኝ" አለኝ በሹክሹክታ። ፊቱ ንጹሕ ነበር፤ ዓይኑም ጥሩ ነበር። ሾርባውን አሸተተና ፈገግ አለ።

"እስከ መቼ ነው እንዲህ?" አልኳት ቨርናን።

"መስከረም አሉ አይደል?"

ሦስታችንም ተቀመጥን። ኩርቲስ ማንኪያውን ሳያሰማ መብላት ለምዷል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ጎረሰ ኮሪደሩ ላይ የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፣ የእግር ኮቴም መጣ። ቨርና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዞር ብዬ ሳይ የኩርቲስ ወንበር ባዶ ነው። ማንም ሳይነግረው፣ ሳህኑን ይዞ፣ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ በሩን በውስጥ በኩል ስቦታል።