በእኛ አቆጣጠር የተሞላው ቀን

የቢሯችን ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። የደብዳቤ መመዝገቢያው ፕሮግራም ደግሞ ጃቫ የሚባል ደጋፊ ፕሮግራም ከሌለ አይከፈትም። አንድ ሰኞ የእኔው እምቢ አለ። ባለሙያው መጥቶ ጃቫውን አጠፋና እንደገና ሊጭነው ሞከረ፤ ከኢንተርኔት አልወርድ አለው።

«አዴ አበላሽተውታል» ብሎ ለኃላፊው ነገረ፤ አዴ፣ ወይዘሮ እንደ ማለት፣ ቢሮው እኔን የሚጠራበት ነው።

ኃላፊው ሠራተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «የጊንጪ ቅርንጫፍ ሰው ላኩልን ብሏል። እስከ ዓርብ ካልተከፈተ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። እዚያ መዝገቡ በእጅ ነው፤ ለአንቺ ይሻላል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስገባ «አዴ ጃቫ መጡ» ይባል ጀመር።

የልጄ እጆች አይታዘዙላትም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በባጃጅ ቤት ደርሼ ምሳዋን የማጎርሳት እኔ ነኝ። ጊንጪ ሆኖ ማጉረስ የለም። ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ሦስት ቀን ባለሙያውን ለመንኩት። «ኧረ አዴ፣ ጸሎት ያዙበት» ይለኛል። ይዤበትም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ በአንድ አነበብኩት። ጃቫው የሚወርድበት ድረ ገጽ ማረጋገጫ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም ይላል። ገና? ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ዓመቱ የእኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ኃላፊው ደብዳቤ በፈረንጅ ቀን ወጣ ብሎ ሲቆጣኝ፣ የኮምፒውተሩን ቀን በገዛ እጄ በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው ነበር። ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለስኩት። ጃቫው ተጫነ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ተመስገን አልኩ።

ባለሙያው ከኋላዬ ቆሞ ሳቀ። «እኔ ማክሰኞ አይቼዋለሁ እኮ። አዴ መቼ ይነቁ ይሆን እያልኩ ነበር።»

ኃላፊው መጥቶ «ማን አስተካከለው?» ሲል፣ «እኔ ነኝ። እሱ ከማክሰኞ ጀምሮ እያወቀ ዝም ብሏል» አልኩ።

የጊንጪው ደብዳቤ በእሱ ስም ወጣ። ሚስቱ አራስ ነበረች፤ ልጃቸው ክርስትና ሊነሳ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ይህንንም ቢሮው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም።

በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቤቴ ነበርኩ። ልጄ በላች፣ ጠገበች። ፈጣሪዬን ስለዚያች ምሳ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ስለ ኮምፒውተሩ ቀን ነግሬያቸው ስቀዋል። ስለ አራሷ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።