በጾም ተለካ

እኔ በግ ነጋዴ ነኝ። ቀየት ገበያ ላይ ወገቡን አንዴ ዳበስ አድርጌ የማንንም በግ ኪሎ እነግራችኋለሁ፣ ካላመናችሁ ሚዛን አምጡ። የራሴን ግን አላወቅኩም ነበር። ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ስወጣ ሲስተሯ "ዘጠና ስድስት" አለች። "ለፋሲካ የደረስኩ ሙክት ነኛ!" ብላት አልሳቀችም። ደሜን አየችና ስኳር አለብህ አለችኝ። ክብደት ቀንስ፣ ኪኒንህን ዋጥ፣ የስኳር መለኪያ ግዛና በጾም ተለካ።

ክብደቱ ለእኔ ምንም አልነበረም። ለስላሳ ተውኩ፣ ጠላ ተውኩ፣ በጎቹን በመኪና መጫን ትቼ በእግሬ ነዳሁ። ለቀበቶዬ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቼለት ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሸሚዜን ገልጬ አሳየሁ። ስኳሩ ግን ወይ ፍንክች። ጾም ሲባል እኔ የማውቀው ረቡዕና አርብ ነው። በነሱ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እቆይና፣ እናቴ የበጠበጠችልኝን በሶ በትልቁ ጣሳ ግጥም አድርጌ ጣቴን እወጋለሁ። ሁለት መቶ አስር። ሁለት መቶ ሠላሳ። እኔ እከሳለሁ፣ ቁጥሩ ይወፍራል።

ማን ላይ ላላክከው? እናቴ ላይ። አንድ አርብ ጎረቤቶች ቤታችን ተሰብስበው ሳለ መለኪያውን ከፍ አደረግኩና፣ "እዩት! እየጾምኩ ይኼ ከየት መጣ? የእማዬ እጅ ነው። እሷ ውሃ ብትቀዳልኝም ማር ይሆናል!" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ልትፈጂው ነው እንዴ?" አለች አንዷ። እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። አይቻለሁ። አይቼ ሌላ ቀልድ ጨመርኩበት።

ከዚያ ወዲህ ምግቤን መንካት ተወች። በሶውን አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች። "አክስትህ ጋ ሂድና ብላ ልጄ፣ እጄ አልሆነህም" አለችኝ። እኔም ሄድኩ! አክስቴ ቤት በልቼ ስለካ ያው ሁለት መቶ ምናምን ነው። ይኼን ግን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ በሰው ፊት አዋቂ ሆኜ ተናግሬ እንዴት ልመለስ? አንድ እሑድ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተደፍታ "እመቤቴ፣ እጄን ባርኪልኝ" ስትል ሰማኋት። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

ኪኒኑ አልቆ ስመለስ ሲስተሯ ቁጥሩን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

"በጾም ነው የተለካኸው?"

"አዎ። ረቡዕና አርብ፣ በሶ ብቻ ጠጥቼ።"

"በሶ ጠጥተህ?"

"በሶ የጾም አይደል እንዴ ሲስተር? ቅቤ የለው፣ ወተት የለው!"

ያን ጊዜ ሳቀች። "በጾም ማለት እኮ ማታ በልተህ ተኝተህ፣ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ነው፤ የፋሲካ ማግስትም ቢሆን። በልተህ የሚወጣው ቁጥርና ሳትበላ የሚወጣው አንድ አይደለም። ማንም ያብስልልህ፣ ሲበላ ስኳሩ ይጨምራል።"

ማንም ያብስልልህ። ቃሏን እየደጋገምኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት አፌን ሳልጉመጠመጥ ተለካሁ። መቶ ሃያ አንድ። ለእናቴ ሳሳያት ፊቷ በራ።

"አላልኩህም? የአክስትህ እጅ ተስማምቶሃል።"

"አይደለም እማዬ። መለካቱን አላወቅኩበትም ነበር። ያንቺ እጅ ምንም አላደረገኝም።"

"ተው፣ እንዳይከፋኝ ብለህ ነው።"

"ማርያምን!"

"በስሟ አትቀልድ" አለችኝ።

ጎረቤቶቹ ቤት ዞሬ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። እነሱም ሳቁ፣ አዲስ ቀልድ ያመጣሁ መስሏቸው።

አሁን ታበስልልኛለች። ግን ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ትቆማለች።

"ተለክተሃል? ስንት አለ?"

ቁጥሩን እስክነግራት አትቀመጥም።