ወላጅ የሚያስጠራ ጨዋነት

ርእሰ መምህራችን ከስልጠና በተመለሱ ሰሞን ዱላ ይቅር አሉን። ጥፋተኛውን ስናሳድድ ከምንውል ጨዋውን እንሸልም፣ ያኔ የግቢው ድባብ ራሱ ይለወጣል አሉ። እኔም እሺ አልኩ። በዚያን ጊዜ ለምንም ነገር እሺ ነበር የምለው፤ ደንዝዤ ነበር። መቐለ የመጣሁት ከደሴ ነው፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። በጦርነቱ ስልክ ተቋርጦ ሳለ እናቴ ሞታ ኖሯል። መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። አላለቀስኩም። ባሌ ራሴን የምስት መስሎት ውሃ ይዞልኝ ሮጠ፤ ጠጣሁና በማግስቱ አስተማርኩ።

ትምህርት ቤቱም ከእኔ አይሻልም ነበር። ክፍሎቹ ውስጥ ተፈናቃዮች ስለኖሩ ግማሹ ዴስክ ማገዶ ሆኗል። ስንት ጊዜ ከትምህርት ርቀው የቆዩ ልጆች ጢማቸው አቀምቅሞ ሰባተኛ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ለመቀመጫ ሲሉ ይፈነካከታሉ። የማስተምረው አማርኛ ነው። አማርኛ ምን ያደርግልናል የሚሉኝ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ የፈለገ ይገለብጣል፣ ደወል ሲደወል እወጣለሁ።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ሽልማቱ ምን ይሁን ሲባል ደብተርና እስክሪብቶ መግዣ እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያኔ ተጫዋቹ የሒሳብ መምህር፣ “ወላጅ ይምጣ” አለ። “ወላጅ አምጣ የምንለው ሁልጊዜ ለጥፋት ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ለደግ እንጥራቸው፤ አርብ ባንዲራ ላይ ከልጃቸው ጎን ይቁሙና ይጨብጨብላቸው።” ሳቅን፤ ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እዚያ ክፍል ውስጥ ከቤቱ ሰው ያልጎደለበት መምህር አልነበረም። ማን ወላጅ አለው፣ ማን የለውም ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ያን ቀን ግን ምንም አልመሰለኝም።

የመጀመሪያው አርብ አስቂኝ ነበር። አንዲት እናት ከከተማው ዳር፣ ከቁሓ ድረስ ልጇን ጆሮውን ይዛ እየጎተተች መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ርእሰ መምህሩ እግር ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። “ኣየ ወደይ! እንታይ ገይሩ? ምን አጥፍቶ ነው? ለእኔ ብለው ይማሩልኝ!” ልጅዎ ጨዋ ስለሆነ ነው ሲሏት ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ “ሌላ ልጅ እንዳይሆን፣ በደንብ ይዩ” አለች። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ተጨበጨበላት፣ ልጁም አንገቱን ቀና አደረገ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሠርቷል፤ ድብድቡ ቀነሰ።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። ጠዋት ስም የምጠራውም፣ ለሽልማት የምመርጠውም እኔ ነኝ። ከክፍሌ አንዲት ልጅ መረጥኩ። ወንዶቹ ሲጣሉ መሃል ገብታ የምትቆም፣ ቦታ ላጣ ሰው ዴስኳ ላይ የምትጠጋ ልጅ ናት። ረቡዕ ዕለት ክፍሉ ፊት ስሟን ጠራሁና፣ “አርብ ወላጅ ይዘሽ ነይ” አልኳት። ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ፈገግ እንኳ አላለችም።

ሐሙስ ጀርባዬን ሰጥቼ ስጽፍ ዳስተር ጆሮዬን ታክኮ ግድግዳው ላይ ጧ አለ። የጠመኔው ብናኝ ራሴ ላይ ወረደ። ዞር ስል እሷ ቆማለች። ዳስተሩን አነሳሁና የማጠፋውን አጠፋሁበት። ቆየት ብላ አፏጨች፤ እኔ መጻፌን ቀጠልኩ። በመጨረሻ፣ “ቲቸር፣ የሚያስተምሩት ነገር አይረባም!” አለችኝ። ስትሳደብ እንኳ አንቺ ለማለት አልደፈረችም።

“እሺ፣ ተቀመጪ” አልኳት።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

“ቲቸር፣ ለምንድን ነው የማይቆጡት?”

“ምን ብዬ ልቆጣ?”

“አጥፍቻለሁ እኮ! ስሜን ይሰርዙት።”

“ወላጅ መምጣቱ ነው?”

መሬት መሬት አየች። እናቷ እሷን ስትወልድ እንደሞተች፣ ያሳደጋት አባቷ እንደሆነ አውቃለሁ። አባቷ ጦርነት ሄደ፤ አልተመለሰም፤ ሞቷልም ያለ የለም። የምትኖረው ከእህቱ ጋር ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ወላጅ ይዘሽ ነይ ያልኳት።

“አክስትሽን ይዘሻት ነያ” አልኳት፤ ትልቅ መፍትሔ ያገኘሁ ይመስል።

“ኣይፋሉን! ኣሞይ ከመጣችማ ኣቦይ ሞይቱ ማለት እዩ፤ አባቴ ሞቷል ማለት ነው። ተማሪው ሁሉ እያየ እሷ በእሱ ቦታ ትቆማለች፣ ከዚያ አለቀ። ጥቁር ልትለብስ ስትል አይሆንም ያልኳት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይላቀስ በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። አሁን እዚህ ጨዋ ነሽ ተብዬ አባቴን ልቅበረው?”

ክፍል ግቢ አልኳት። ከእረፍት በኋላ ገባሁና ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አላጋሁት። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ስንት ጊዜዬ።

“ዳስተር የወረወረው ማነው?”

ጥያቄው ሳያልቅ ብድግ አለች።

“ከሽልማቱ ተሰርዘሻል! አርብ ባንዲራ ላይ እንዳላይሽ፤ ከክፍሉ ኋላ ያለውን ችግኝ ታጠጫለሽ!”

የክፍሉ አለቃ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሷ ግን ትከሻዋ ሲረግብ አየሁት፤ ተቀመጠችና ደብተሯን ገልጣ ሰሌዳውን መገልበጥ ጀመረች። ሰው ተቀጥቶ እንደዚያ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም።

ለርእሰ መምህሩም ነገርኳቸው፤ ወላጅ መጥራቱን እንተወው አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ነገሩን ከነምክንያቱ አስረዳኋቸው። “ሳናስበው ቀረን እኮ” አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ የሚጨበጨበው ለልጁ ብቻ ሆነ። የዚያ ሳምንት ወላጆች ግን ተጠርተው ስለነበር አርብ መጡ።

አርብ ጠዋት ሌሎቹ ሰልፍ ላይ ሳሉ ልጅቷ ከክፍሉ ኋላ በጄሪካን ችግኝ ታጠጣለች። የቀጣኋት እኔ ስለሆንኩ ልቆጣጠር ሄድኩ። ጭብጨባው ከወዲያ በኩል ይሰማል። ውሃውን እያንቆረቆረች ቀና ሳትል፣

“ቲቸር፣ አባቴ ሲመጣ ግን ይነግሩታል አይደል?” አለችኝ።

“እነግረዋለሁ።”

“ምን ብለው?”

ጨዋ ናት ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እሷ ግን ጄሪካኑን አስቀመጠች፣ እጇን በዩኒፎርሟ ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቃ ወደ ጎን ጠጋ አለች። ያን ባዶ ቦታ አየሁት። የምር እየጠበቀችኝ ነው።

“ጤና ይስጥልኝ” አልኩ ወደ ባዶው ቦታ። “የልጅዎ ስም ጠሪ ነኝ። የጠራንዎት ለክፉ አይደለም። ልጅዎ የተጣላ ትገላግላለች፣ መቀመጫ ላጣ ትጠጋለች። አሳዳጊዋን አታሳፍርም። ብቻዎን እንዲህ አድርገው—”

አልቻልኩም። ደሴ ለተቀበረችው እናቴ እንቢ ያለኝ እንባ እዚያ ችግኝ መሃል ወረደብኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። በጣም ነው ያመመኝ።

ልጅቷ አልደነገጠችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ጎኗ ቃኘት አደረገችና፣ “ቲቸር” አለችኝ በቀስታ፣ “ኣቦይ አማርኛ ብዙ አይሰማም።”

ዓይኔን ጠረግሁና በትግርኛ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።