በጠበል የተነከረው ዱላ

የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ፤ በስም ሳይሆን በምንጠራራበት። እናቴ፣ ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል። ከጎኗ፣ ካስትሮ ቫሊ የሚኖሩት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ፣ እኛ ልጆቹ እትዬ የምንላቸው። መሪው ላይ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው፤ የዚያን ቀን የእኔን ትንሽ መኪና ካልነዳሁ ብሎ ቁልፉን ነጠቀኝ። እኔ ከጎኑ። እህቴ ቀድማን ሳን ሆዜ ነበረች። አምስት ነን። ዳኛዋ ከተቆጠረች ስድስት፤ ጠዋት ግን ገና አታውቀንም ነበር።

የምንሄደው ለመጀመሪያው ጨዋታ ነው። አዲሱ የሴቶች የላክሮስ ሊግ፣ ተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የዚያን ቀን ነበር የሚጀመረው። ላክሮስ አናቱ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየያዙና እየወረወሩ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። አጎቴ "የገና ጨዋታ ነው፤ ኳሷ መሬት ጠልታ ነው እንጂ" ይላል።

እህቴ ከተጫዋቾቹ አንዷ ናት፤ የዱላዎቿን መረብ የምሠራው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ቪዲዮ እያየሁ፣ እየፈታሁ፣ እንደገና እያሰርኩ ለመድኩት። እህቴ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መረብ አትወድም፤ የድሮውን ነው የምትፈልገው። በእሱ ላይ አራት የቆዳ ጠፍሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በመካከላቸው ክር ይሸመናል፣ ጠፍሮቹ ከታች ይቋጠራሉ። አንድ ሕግ አለ። ኳሱ መረቡ ውስጥ ተቀምጦ ዱላው በዓይን ትክክል ሲያዝ፣ የኳሱ ጀርባ ከጠርዙ በላይ መታየት አለበት። ካልታየ ዱላው ሜዳ አይገባም። በዋዜማው ሁለቱንም ዱላዎች ጨርሼ ለካሁ፤ በሁለቱም የኳሱ ጀርባ በጥፍር ውፍረት ልክ ይታያል። ረክቼ በሩ አጠገብ አቆምኳቸው።

ጠዋት እናቴ የዱላዎቹን አናት በፎጣ ጠቅልላ፣ ላስቲክ ደርባበት፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ መኪና ገባች።

"እማዬ፣ ስጪኝ ከኋላ ላስቀምጠው።"

"ተወው፣ እኔ እይዘዋለሁ።"

ዘንጎቹ በእትዬ ጆሮ ሥር አልፈው እስከ መስኮቱ ደረሱ። እትዬ አንገታቸውን አዘንብለው እስከ ሳን ሆዜ ጥያቄ አላቋረጡም። "ቆይ፣ ልጅቷ ኳሱን ትመታዋለች ወይስ ትይዘዋለች?" አጎቴ ሁሉንም መለሰ። ግማሹ ስሕተት ነበር፤ ለማረም አፌን ስከፍት "አንተ ዝም በል፣ በእጅህ እንጂ በአፍህ አይደለም የምታውቀው" ይለኛል።

ኮንቴይነር በአንድ እጁ የሚያቆም ሰውዬ የእኔን መኪና ለማቆም አራት ጊዜ ወደ ኋላ ወደ ፊት ሄደ። እኔ ወርጄ "ና፣ ና፣ በቃ!" ስል፣ እናቴና እትዬ ቀድመው ገብተው ዱላዎቹን ለእህቴ አስረከቡ። እኛ እነሱ የቆሙበት የሜዳው አጥር ጋ ስንደርስ እህቴ ሁለቱንም ይዛ ወደ እኛ እየሮጠች ነበር።

"ምን አድርገኸው ነው? ሪፈሪዋ ሁለቱንም ሪጄክት አደረገቻቸው!"

"አይሆንም። ለክቻለሁ።"

"ኳሱ ጠፋ እኮ ነው የምልህ! መረቡ ሆድ አውጥቷል! መክፈቻው ላይ ኳሱን የማነሳው እኔ ነኝ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካላለፈ ሌላዋ ትገባለች።"

"ከጓደኞችሽ ዱላ አትዋሺም?" አለ አጎቴ።

"በሰው ዱላ ኳስ አልይዝም።"

ጠፍሩን ነካሁት። እንደ ተቀቀለ ፓስታ ልፍስፍስ ብሏል። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። እናቴ እትዬን አየች። እትዬ ሣሩን አዩ።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር ውሃ ነክቶታል?"

"ውሃ አይደለም" አለች ቅር ብሏት። "ጠበል ነው።"

"ረጨሽው?"

"ነከርኩት።"

"ሁለቱንም?"

"ታዲያ አንዱን አስባርኬ አንዱን ልተወው?"

"እኔ ርጪው ነው ያልኳት" አሉ እትዬ። "መንከሩን ራሷ ነው የጨመረችው።"

አጎቴ አጥሩን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እህቴ ልታለቅስ ነበር፤ እሱን ስታይ እሷም ሳቀች፣ እንባዋ ከሳቁ ጋር ወረደ።

እኔ ተሽከርካሪ ወንበር ጠጋኝ ስለሆንኩ ፒንሳ ከኪሴ አይጠፋም። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ የአንዱን ዱላ ዘንግ በጉልበቶቹ መካከል አጣብቆ ያዘ። ርጥብ ቋጠሮ በጣት አይፈታም፤ በፒንሳ አንድ በአንድ ፈለቀቅኩት። እትዬ ነጠላቸውን አውልቀው በጠፍሮቹ ላይ ጠመጠሙና ጨመቁ። "እትዬ፣ ነጠላዎ!" ስላቸው "ለጨርቅ ነው የምታዝነው? ሳበው!" አሉኝ። ደረቅ ቆዳ ሲሳብ ይቆማል፤ ርጥቡ ይከተላል። ስስበው ይመጣል፣ ስለቀው ይመለሳል።

"ያዘው! አትልቀቀው!" ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ አጎቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ደንግጦ አጥብቆ ያዘ።

እህቴ ይዛ ሮጠች። ዳኛዋ ኳሱን ከተተች፣ ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። አላለፈም። እህቴ ተመልሳ ሮጠች። እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች።

"ጸሎቱን ቀንሺ" አለ አጎቴ፣ "ቆዳው ይሰማሻል!"

መካከለኞቹን ሁለቱን ጠፍሮች እንደገና ፈትቼ፣ እግሬን አጥሩ ላይ ተክዬ ሳብኳቸው። ሌሎቹ ያላወቁትን እኔ አውቀዋለሁ፤ መረብ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኳሱን ያነጥረዋል። እህቴ ያን ዱላ ይዛ ብትገባም ኳሱ ላይቀመጥላት ይችላል። አልነገርኳትም። ቋጥሬ ሰጠኋት። ዳኛዋ አየች፣ አሁንም አየች፣ ከዚያ እኛን፣ ነጠላውን፣ ፒንሳውን አየች። አውራ ጣቷን ቀሰረች።

እናቴ ሳትጠብቅ እልል አለች። ጨዋታው ገና አልተጀመረም።

እህቴና አንዲት ተጋጣሚዋ መሃል ሜዳ ላይ ተፋጠጡ። ኳሱ በሁለቱ ዱላዎች አናት መካከል ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ፊሽካ ሲነፋ ወደ ላይ ይወረውሩታል፣ ሲወርድ የያዘችው ትወስደዋለች። ፊሽካው ተነፋ። ከዚያ የሰማሁት የእትዬን "አገኘችው!"፣ የአጎቴን "ሂጂ! ሂጂ!" እና የእናቴን ሁለተኛ እልልታ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች አቅፈውኛል፤ ከመካከላቸው አንዱ ካሜራውን ወደ እናቴ አዙሯል።

ሲመሽ መኪናው ውስጥ ክርክሩ ተጀመረ። አጎቴ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሦስት ጠፍር ነው የፈታኸው ይላል፤ ሁለት ነው። እናቴ ዳኛዋ ፈገግ ብላለች ትላለች፤ እትዬ "አላለችም፣ ፀሐይ ነው" ብለዋል። እናቴ ቆዳውን ያጠበቀው ጠበሉ ነው ብላ ነገሩን ዘጋች።

እኔ ዝርዝር አይጠፋኝም ብዬ እኮራለሁ። ኳሱ ሲወርድ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስለዚህ የዚያን ቀን አጥሩ አጠገብ የነበራችሁ፣ በተለይ እናቴን የቀረጽከው፣ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ኳሱ መረቡ ውስጥ አንዴ ነጥሮ ነው የተቀመጠው ወይስ እንደ ወረደ ዝም አለ?