ሳይሰካ የተገዛ ማጉያ

የተፈጸመብን በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ ወልድያ ሄዳ የጊታር ማጉያ ስትገዛ፣ ጊታሯን ሰክታ እንድትሞክር አልተፈቀደላትም። ከፍለን ዕቃው በገመድ እየታሰረ ሳለ ምንም ያልገዛ ጎረምሳ ገባና እዚያው ሱቅ፣ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክቶ እንዳሻው ተጫውቶ ወጣ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ጥያቄ የለኝም። መርሳ ላይ «ለአንድ ሣጥን ብላ ሽማግሌ ያስቀመጠች» እያሉ ያሙኛል። ለሣጥን አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቢሆንም ነገሬን ሌላ ሰው ከሚያወራልኝ ራሴ ልጻፈው።

እኔ መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ማንጎና ብርቱካን እሸጣለሁ። የወልድያና የደሴ ሚኒባሶች ሲቆሙ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይጣፍጣል?» ይለኛል። ምላሴን አላደክምም። ቢላዬን አውጥቼ አንዱን ቆርጬ አቀምሰዋለሁ። ቀምሶ ሳይገዛ የሄደ ብዙ ነው፤ ይሂድ። ሳይቀምስ የገዛ ግን የለም። ሐጂም ይሁን ካድሬ፣ ሕፃንም ይሁን ሹፌር፣ ቁራጩ እኩል ነው።

ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ ዓረብ አገር ስትሄድ ገና መቆም አልጀመረችም ነበር። ጊታሩን ያገኘችው ትምህርት ቤት ሳለች ነው፤ የሚያስተምራቸው መምህር ሲዛወር ሸክም ቢበዛበት ለእሷ ትቶላት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝም ብሎ አያውቅም። ትዝታውንም አምባሰሉንም በጣቷ ታወጣዋለች። አጥር የሚያዋስኑን ሐጂ «ይኼ ነገር ሐራም ነው» ይላሉ፤ እሷ ስትጀምር ግን የጓሮ በራቸው ይከፈታል። አንድ ቀን «ሐጂ፣ በሩ ተከፈተሳ?» ብላቸው «ሙቀቱ ነው» አሉኝ። የክረምት ዝናብ እየወረደ ነበር።

ወልድያ ያሉ ሦስት ወጣቶች በየትንንሹ ሠርግ እየዞሩ ይጫወታሉ። ጊታር መቺያቸው አዲስ አበባ ሲገባባቸው ስለ ልጄ ሰሙና መጡ። «ግራና ከተማ የተያዘ ሠርግ አለን። እዚያ አብረሽን ተጫወቺ፤ ከሆነልን ከእኛ ጋር ትቀጥያለሽ። ማጉያ ግን የራስሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። የዚያን ዕለት እራት አልበላችም፤ ከደስታ ብዛት።

ስለ ማጉያ ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም። ያስተማረችኝ እሷ ናት። «እማዬ፣ ጩኸት አይደለም የምፈልገው» አለችኝ። «ጣቴ የሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያወጣ ነው። አምባሰል የሚያምረው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ነው፤ ማጉያው ያንን ከዋጠው ምን ቀረ?» መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ መያዝ አለበት። ባጃጅ ላይ ጭኗ ላይ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ቤት ስትለማመድ ጎረቤት እንዳትረብሽ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቢኖረው ደግ ነው። ለስልክ ሙዚቃ ከተሠራው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እሱ ይደልቃል እንጂ ጊታር አይናገርበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይሰኩ አይገዛም። ይህችኛዋ ወዲያው ገባችኝ። ማንጎ ነው።

የወልድያው ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። በሩ ላይ ትልቅ ሞንታርቦ ተተክሎ መንገደኛውን ሁሉ ያደነቁራል። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፤ ልብሱም አፉም ያማረ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?»

«የጊታር ማጉያ። የምትጫወተው ይህች ናት» ብዬ ልጄን አሳየሁት። ጊታሩ ከአሮጌ ብርድ ልብስ በሰፋሁላት ከረጢት ውስጥ ጀርባዋ ላይ ነው።

«ጎሽ፣ ጎበዝ» አለ። ወደ እሷ ግን አልዞረም።

ልጄ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ትንሽ ቡናማ ማጉያ አይታለች። ያገለገለች ናት፣ ጠርዟ ተልጧል። «እማዬ፣ ያቺ» አለችኝ በጆሮዬ። «ባትሪ ትይዛለች።»

«ያቺን አውጣልንና ትሰካት» አልኩት።

«እሷ አሮጌ ናት፣ እማማ፤ ዋስትና የላትም። ነገ ቀጥ ብትልብዎ እኔን ይረግሙኛል። ለእናንተ የሚሆነው ይኼ ነው» አለና ወገቤ ድረስ የሚደርስ ጥቁር ሣጥን ጎትቶ አመጣ። ዙሪያው ቀይና አረንጓዴ መብራት ይጨፍርበታል። በስልኩ ዘፈን ለቀቀበት። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ሰሙ? ግርማ ሞገስ አለው!»

«ስልክ ሰማሁ። ጊታር አልሰማሁም።»

ሳቀ። «ድምፅ ያው ድምፅ ነው፣ እማማ።»

«ብርቱካን ሁሉ ያው ብርቱካን አይደለም። ጊታሯን ትሰካ።»

«ሳይገዙ መሰካት የለም። ጃኩ ይላላል፣ ዕቃም ይቃጠላል። ሕጉ ለሁሉም ነው።»

ለሁሉም ከሆነ ብዬ ዝም አልኩ። ለሁሉም የሆነ ሕግ ባይጥመኝም እቀበላለሁ፤ ዕድሜዬን የኖርኩት እንዲያ ነው። ሠርጉ ደርሷል፣ ልጄም በሰው ፊት መከራከር አትወድም። ከፈልን።

ሣጥኑን በገመድ ሲያስርልን ነው ጎረምሳው የገባው። ጊታር አንግቷል። «ያቺን ቡናማዋን ልያት?» አለ። ባለሱቁ ገመዱን ጥሎልን ብድግ አለ፣ ማጉያዋን አወጣ፣ ሽቦውን በገዛ እጁ ሰካለት። ጎረምሳው ተጫወተ። እኔ ሙዚቃ አዋቂ አይደለሁም፤ ነገር ግን የዚያች ትንሽ ዕቃ ድምፅ ልክ ከአጠገቤ ሰው የሚያወራኝ ያህል ነበር። ልጄ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች፤ ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ልጁ የልቡን ያህል ተጫውቶ «አመሰግናለሁ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ምንም አልገዛም።

«ሕጉ ለሁሉም ነው አላልከኝም?»

«እማማ፣ እሱ…» አለና ቃሉን ዋጠው። «መኪና እንዳያመልጣችሁ።»

«እሱ ምን?»

ልጄ እጅጌዬን ያዘች። «እማዬ፣ በአላህ ተይው።» ተውኩት፤ ለዚያ ቀን።

ቤት ገብተን ሰካነው። ወፍራሙን ክር ስትነካው ሣጥኑ እንደ ታመመ ሆድ ያጉረመርማል። ቀጭኑን ስትነካው ያፏጫል። በመሃል ያለው፣ አምባሰሉ የሚኖርበት፣ ጭራሽ የለም። ቁልፉን ሁሉ አንድ በአንድ እያዞረች ሞከረች። ግድግዳ አስጠጋችው፣ ብርድ ልብስ አለበሰችው፣ ወለሉ ላይ አስተኛችው። ሐጂ አጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ይኼስ አዛን እስከ ውርጌሳ ያደርሳል!» አሉ። ሰፈሩ ሳቀ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች።

ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ስለዚህ በአገሩ ወግ ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አልኩ። በእኔ በኩል ሐጂ፣ በእሱ በኩል ነጠላቸውን ያጣፉ የሰፈሩ አዛውንት ተመረጡና ከሱቁ በረንዳ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ያ ትልቁ ሞንታርቦ ስለ ሽማግሌ ክብር ጸጥ ተደረገ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያያል፤ ስለ ድንበር ወይም ስለ ጋብቻ እንጂ ስለ ማጉያ ሲሸመገል ያየ የለም።

አዛውንቱ ደህና ሰው ናቸው። ነገሩን ሰሙና «ልጄ፣ እናት ናቸው። ትንሿን ስጣቸውና ሣጥንህን መልሰህ ውሰድ» አሉት። ባለሱቁ ትንሽ አንገራገረና «ለሽማግሌ ብዬ እሺ። ግን ዛሬ ዱዓ ተደርጎ ነገሩ ይዘጋ። ሁለተኛ ሱቄ መጥተው እንዳይጮሁብኝ» አለ። ቡናማዋ ማጉያ ወጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ልጄ ጎንበስ ብላ እጀታዋን ያዘች።

የኛን አገር ወግ የሚያውቅ ይህን ያውቃል፦ ካሳ ተቀብለህ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ያን ነገር አፍህ ላይ አታመጣውም። ካመጣኸው ነውረኛው አንተ ነህ። ሐጂ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ «ይቆዩኝ» አልኳቸው። «ከዱዓው በፊት አንድ ነገር ይመልስልኝ። ለዚያ ልጅ ሰካህለት፣ ለዚች ለምን ከለከልክ?»

«እማማ፣ ዕቃውን አገኙ አይደል?»

«ዕቃ አልጠየቅሁም።»

«አንቺ ሴትዮ» አሉኝ ሐጂ፣ «የፈለግሽው እግርሽ ሥር ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረሽ?»

«መልሱ ቀረኝ። ዱዓው ከተደረገ መቼ ልጠይቀው ነው?»

ባለሱቁ ፊቱ ቀላ። «በገዛ ሱቄ እንደ ሌባ ልመረመር?» ብሎ ተነሣ። አዛውንቱ አስቀመጡት፤ እኔን ለመኑ፤ እሱን ለመኑ። እኔም አልለቀቅሁም፣ እሱም አልተናገረም። በመጨረሻ «ሁለታችሁም ቀዝቅዙ፤ በሚመጣው ገበያ ቀን እንቀመጥ» ተባለ። ነገሩ ካልተዘጋ ካሳው አይወሰድምና ማጉያዋ ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች። ልጄ እጀታዋን ስትለቅ አየኋት።

በሚኒባሱ ውስጥ መርሳ ስንቃረብ ወደ መስኮቱ እያየች «እማዬ፣ እኔ እኮ ማጉያዋን ነበር የፈለግሁት» አለች። «መልሱን አልነበረም።»

«መልሱም ያንቺ ነው» አልኳት። ያኔ ያልኩት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ዱዓው ይደረግ ብል፣ ጥያቄዬን ይዤ ብሞት፣ እሷ ቡናማዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በዚያ ሚኒባስ ትመለስ ነበር።

የገበያው ቀን ሳይደርስ ሠርጉ ደረሰ። ግራና ዳሱ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ሣጥኑ መብራቱን እያጨፈረ ሕፃናት ከበቡት። የወልድያዎቹ ወጣቶች ኦርጋኑን ሲጀምሩ ልጄ ትመታለች፤ ጣቶቿ ሲሮጡ አያለሁ፤ የምሰማው ግን ጉርምርምታ ነው። ድምፁን ስትጨምረው አፏጨና ሙሽራዋ ጆሮዋን ያዘች። ስትቀንሰው ጭራሽ ጠፋች። አጠገቤ የነበረች ሴት «ያቺ ልጅ ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲያበቃ ዘፋኙ፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ውኃ አቀበላትና «እህቴ፣ እጅሽ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኛ ግን አልሰማነውም» አላት። ሌላ ሰው ወሰዱ።

በገበያው ቀን ሐጂን ይዤ ሄድኩ። ቡናማዋ ተሽጣለች። አዛውንቱም ለቅሶ ሄደው አልተገኙም።

ልጄ ዛሬ እዚሁ መርሳ ሞባይል ቤት ትሠራለች። አላኮረፈችኝም፤ ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ጊታሩ በብርድ ልብስ ከረጢቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንዳንዴ «እስኪ ትንሽ ምቺልኝ» ስላት «እማዬ፣ ጣቴ ለስልሷል፤ ክሩ ያመኛል» ትለኛለች። ሣጥኑን ሰፈሩ ይዋሰዋል፤ ለስብሰባም፣ ለሠርግም፣ የጠፋች ላም ለማስፈለግም። የሐጂ የጓሮ በር በበጋም ተዘግቶ ይውላል።

በቅርቡ አንድ ሚኒባስ ቆመና ባለሱቁ ወረደ። ወደ ደሴ እያለፈ ነው። መጀመሪያ አላየኝም፤ ማንጎዎቹን ነበር የሚያየው። «ይጣፍጣል?» ብሎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ይሸሻል ብዬ ነበር፤ ቆመ። ቢላዬን አወጣሁ፣ ከደህናው ቆረጥኩና ሰጠሁት። ቁራጩን ይዞ ቆየ።

«ብላ» አልኩት። «ሳትገዛ መቅመስ ይቻላል። ሕጉ ለሁሉም ነው።»

በላ። ጭማቂው በእጁ ወረደ፤ መጥረጊያ ጨርቄን አቀበልኩት። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«እማማ፣ ልጅቷ ደህና ናት? ትጫወታለች?»

«ትታዋለች።»

መሬት መሬት አየ። ጨርቁን አጥፎ መለሰልኝ። እኔም ያቺኑ ጥያቄዬን እንደገና ጠየቅሁት፤ ሳልቆጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ የቀረኝ ቁጣም አልነበረም።

«የምትጫወተው እሷ ናት ሲሉኝ ሰምቼ ነበር፣ እማማ» አለኝ። «ግን አላመንኩም። ጊታሩን ለወንድሟ የተሸከመች ነበር የመሰለኝ።»