የዘመነች ስልሳ ሁለት ሳንቲሜትር

የጉድጓዱ ባለቤት ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከተበላ ከተማ ወደ ዓባያ ሐይቅ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችው መንደር በሙሉ «ዘመነች» ብሎ ይመልስ ነበር። የቆፈረው ሕዝቡ ነው፤ መሬቱም የቤተ ክርስቲያኗ ነው። ዘመነች ያላት አንድ የመለኪያ ሜትር፣ አንድ ደብተርና አንድ ምላስ ብቻ ነበር። ግን ምን ዓይነት ምላስ! ሰኞና ሐሙስ ማለዳ እሷ ሳትለካ ጀሪካን ወደ ጉድጓዱ የሚያስጠጋ ወዮለት። «ከተቀዳ በኋላ ቢለካ ምን ዋጋ አለው? ውሃው ሌሊቱን አርፎ ነው ልኩን የሚናገረው» ትላለች። ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም እያጉረመረሙ ቆመው ይጠብቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሶዶ ላይ የተከፈተ አንድ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ፕሮጀክት ሚልክያስ የሚባል ባለሙያ ወደ መንደሯ ላከ። ሚልክያስ የፈለገው ለጉድጓዱ ቅርብ የሆነና ቁጥር የሚጽፍ ሰው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ኤርካሎ ራሱን አጨ። ሚልክያስ ግን ብልጥ ነውና የመጡትን ሁሉ ከአንድ እስከ ሃያ አስጻፋቸው። ዘመነች ፊደል የቆጠረችው ልጆች ወልዳ ካሳደገች በኋላ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ብላ በቤተ ክርስቲያኗ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። ቁጥሯ ግን የታተመ ነው የሚመስለው። የኤርካሎ ሰባት ከአንዱ አይለይም ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ሜትር ጠመኔ ትቀባዋለች፣ ጆንያ አጥፋ ትንበረከካለች፣ ቀስ ብላ ወደ ጉድጓዱ ትለቀዋለች። ከዚያ ስታወጣው ጠመኔው የረጠበበትን አይታ ውሃው ከአፉ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ትጽፋለች። ክረምት ላይ አሥር ሜትር፣ በጋ ላይ አሥራ አንድ ተኩል። ባሏ አንጁሎ ቀሚሷን እያየ «ከአንቺ ጉልበት የሚወርደው ጭቃ ሌላ ጉድጓድ ይሞላል» እያለ ይተርባታል።

እሷ ግን የወደደችው ቁጥሩን ብቻ አልነበረም። መንደሩ ሁሉ ከመሬት በታች ወንዝ የሚሮጥ ይመስለው ነበር። ሚልክያስ አንድ ቀን ባልዲ ሙሉ አሸዋ አስመጥቶ በአንድ በኩል ውሃ አፈሰሰበት፤ ውሃው በአሸዋው መካከል እየሰረገ፣ ሰው እስኪሰለች ቆይቶ፣ ከታች በሌላው በኩል ባለው ቀዳዳ መንጠባጠብ ጀመረ። «ይኸው ነው፣ አዮ» አላት፤ አዮ በወላይትኛ እናቴ እንደማለት ነው። «ደጋው ላይ የዘነበው በአሸዋና በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ እንዲህ እያዘገመ ነው እዚህ የሚደርሰው። ዛሬ የሚጠጡት ምናልባት እርስዎ የተዳሩ ዓመት የዘነበ ይሆናል።» ዘመነች ይህን ሰምታ ያን ቀን ሥራ አልሠራችም። ማታ ለአንጁሎ ስትነግረው «እና የሰርጋችንን ዝናብ ነው የምጠጣው? ለካ ለዚህ ነው የሚመረኝ!» ብሎ አሳቃት።

በ1996 ኅዳር ላይ የአንዱ ጎረቤት፣ የቦልቴ ጥጃ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ዘመነች «ነገ ደግሞ የሰው ልጅ ነው» ብላ መንደሩን አስተባበረች። ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀድቶ ተደፋ፤ ጉድጓዱ ተጠረገ። ከቤተ ክርስቲያኗ ግንባታ በተረፈ ድንጋይና ሲሚንቶም የጉድጓዱ አፍ ዙሪያውን ተገነባ። በዚህ መሐል አንድ ወር ሙሉ አልተለካም። እንደገና ስትለካ ውሃው ርቋል፤ ተቀድቶ ስለተደፋና በጋም ስለገባ ነው ብላ ያነበበችውን ጻፈች። ሚልክያስ ያኔ ለትምህርት አርባ ምንጭ ነበር፤ የደብተሩን ቅጠል እየመጣ የሚወስደው ሹፌር ነው። ሚልክያስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ «እንዴት ያለ ግንብ ነው የሠራችሁት!» ብሎ አድንቆ ነበር።

ይኸው ሚልክያስ በ1998 መጋቢት አንገቱን ደፍቶ መጣ። ፕሮጀክቱ ውሃቸው ላልቀነሰ ጉድጓዶች የእጅ ፓምፕ ሊተክል ነው፤ የእነ ዘመነች ግን ከዝርዝሩ ወጥቷል። ካሬ ወረቀት ዘርግቶ የእሷን ቁጥሮች አሳያት፤ መስመሩ በየዓመቱ ወጣ ገባ ሲል ቆይቶ ድንገት ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ ብሏል፤ ከዚያም አልተመለሰም። በራሱ መሣሪያ ሲለካም ቁጥሩ ከእሷ ጋር አንድ ሆነ። «ውሃው እየራቀ ነው፣ አዮ። የሚደርቅ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ አይተከልም።» ሊያጽናናት ፈልጎ ጨመረ፦ «ደግሞ ፓምፕ ቢተከል አፉ በሲሚንቶ ስለሚደፈን እርስዎም መለካት ያቆሙ ነበር። አሁን ይቀጥላሉ።»

ወሬው መንደሩን አንጫጫው። ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ በየሰዉ ባልዲና ገመድ ጭቃና ቆሻሻ ይገባበታል፤ የጎረቤቷ የሰብለ ሁለት ልጆች በየዓመቱ በተቅማጥ ይሰቃያሉ። ኤርካሎ ቤቷ ድረስ መጣ።

«እህት ዘመነች፣ የጻፍሽው ነው ጉድ ያደረገን። ከእንግዲህ የድሮውን ቁጥር ጻፊ። ማን ያያል?»

«ወንድም ኤርካሎ፣ ያላየሁትን አልጽፍም።»

«የሰብለ ልጆች ያሳዝኑሽ እንጂ!»

ይህ ቃል ውስጧ ገባ። ኤርካሎ ከወጣ በኋላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ግን ሐሙስ ማለዳ ሄዳ ያየችውን ጻፈች። ለመቅዳት የቆሙት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት፤ ሰብለ እንኳ ሰላም አላለቻትም።

አንጁሎ ባልነቱ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። አጠገቧ ተቀመጠና «ተይው፣ እባክሽ» አላት። «ቢያንስ ጉልበትሽ አርፏል። ጥጃው ከሞተ ወዲህ ቀሚስሽ ላይ ጭቃ አይቼ አላውቅም።»

ዘመነች ቀና ብላ አየችው። እውነቱን ነው! ዱሮ ተንበርክካ ነበር የምትለካው፤ ግንቡ ከተሠራ ጀምሮ ግን ቆማ፣ ክንዷን አስደግፋ ነው የምትለካው። ሜትሯን ይዛ ወጣች። ጉድጓዱ ውስጥ አጎንብሳ ስታይ የድሮው አፍ ድንጋይ ከአዲሱ ግንብ ሥር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ድንጋይ እስከ ግንቡ ጫፍ ለካች። ስልሳ ሁለት ሳንቲሜትር! ደብተሯን ገልጣ ከግንቡ በፊት የነበረውን በጋና ከዚያ ወዲህ የነበሩትን በጋዎች አስተያየች። የጎደለውም ስልሳ ሁለት ነው። ውሃው የትም አልሄደም፤ ከፍ ያለው የምትለካበት ቦታ ነው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አዎ፣ ለአንድ አፍታ ደስም አላት። ከዚያ የሚልክያስ ቃል ትዝ አላት፤ ፓምፑ ከመጣ አፉ ይደፈናል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትል ደብተሩ የእሷ ሆኖ ይቀጥላል። ዘመነች በሕይወቷ ባሏ ያላወቀውን፣ ሊቀመንበሩም ያላወቀውን ነገር ቀድማ የምታውቀው እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለት ማለዳ መሬቱ ለእሷ ብቻ የሚነግራት ነገር አለ። ይህን መስጠት አንጀት ይቆርጣል። ዓርብንም ቅዳሜንም ዝም አለች። ቅዳሜ ማታ የሰብለ ትንሹ ልጅ ሲያለቅስ በአጥሩ በኩል ሰማች።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሥታ ወደ ፊት ወጣች። በዚያ ሰዓት ሰው ከበሽታ መዳኑን፣ ከመንገድ በሰላም መመለሱን ነው የሚመሰክረው።

«ጌታ ይመስገን» አለች። «ተሳስቻለሁ። ስልሳ ሁለት ሳንቲሜትር ተሳስቻለሁ።»

«ሃሌሉያ!» አለ ጉባኤው፣ ምንም ሳይገባው።

«ቆይ እንጂ፣ ሃሌሉያውን ኋላ ትሉታላችሁ!» ብላ ነገሩን ከሥሩ በወላይትኛ አስረዳች፤ ጥጃውን፣ ግንቡን፣ ጉልበቷን ሳይቀር። ኤርካሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ታዲያ ውሃው አለ ማለት ነው?»

«ውሃው ድሮ የነበረበት ነው። እኔ ነኝ ከፍ ያልኩት።»

ያን ጊዜ የተሰማውን ሃሌሉያ ተበላ ድረስ ሰምተነዋል ያሉ አሉ። ሰብለ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሰኞ ለክታ፣ ከተበላ ሚኒባስ ተሳፍራ ሶዶ ገባች። ሚልክያስ ደብተሯን ሲያይ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ከግንቡ ወዲህ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ላይ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት እየቀነሰ በካሬ ወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ አሰፈራቸው፤ መስመሩም ከፊተኛው ጋር ገጠመ።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የኔ ነው። ከየት ጀምረው ነው የሚለኩት ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄዎት አላውቅም።» ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አዮ፣ ፓምፑ ከመጣ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ጻፍ።»

ፓምፑ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ነው። ሚልክያስ ለሜትሯ የምትበቃ ትንሽ ቀዳዳ ተውላት ብሎ ግንበኛውን ለምኖ ነበር፤ ግንበኛው «ቀዳዳ ካለ ቆሻሻ ይገባል» አለ። ዘመነች ራሷ «ድፈነው» አለችው። በዚያ ማለዳ ሲሚንቶው ሳይፈስ ለመጨረሻ ጊዜ ለካች፤ አሥር ሜትር ከዘጠና፣ ከድሮው አፍ። ደብተሩንና ሜትሩን ለሚልክያስ ስትሰጠው አላለቀሰችም፤ አንጁሎ ነው ዓይኑን የጠራረገው፣ አቧራ ገባብኝ እያለ።

ሲሚንቶው ደርቆ ፓምፑ ሥራ የጀመረው ሐሙስ ቀን ነው። ዘመነች እንደ ልማዷ ጎሕ ሲቀድ ነቃች። እጇ ሜትሩን ፈለገ፤ አጣ። ጀሪካን አንሥታ ሄደች። ሰብለ ቀድማ ደርሳ ስትቀዳ አገኘቻት፤ ውሃው እየጠራ ይወርዳል፤ ልጆቿ ከሥር እጃቸውን ይታጠባሉ። ሰብለ እጀታውን ለቀቀችና ፈገግ አለች።

«አዮ፣ ዛሬ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው?»

ሰብለ ክፉ አስባ አይደለም፤ አፏ ላይ የመጣውን ነው የተናገረችው። ዘመነች ሲሚንቶውን አየች። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቋት መልስ ያጣችለት ሰው አልነበረም።

«እኔ እንጃ» አለች።

እንባዋ መጣ። ሰብለ ደንግጣ ልትይዛት ስትል ዘመነች በነጠላዋ ጠርጋ ሳቀች፤ ከዚያም «ዞር በይ እስቲ፣ ተራዬ ነው» ብላ ጀሪካኗን ከፓምፑ ሥር አስቀመጠች።