ስሄድ የሚዘፈነው

ሰርግ ላይ ማይክ የማይለቅ አጎት አይጠፋም። ሁለት ውስኪ ጠጥቶ ይመጣና ዘፋኙን ገፋ አድርጎ፣ በየትኛውም ቅኝት ውስጥ በሌለ ድምፅ ይጀምራል። የኔ ሥራ እሱን ፈልጎ ማግኘት ነው። ሲወጣ እወጣለሁ፣ ሲወርድ እወርዳለሁ፣ መሃል ላይ ዘፈን ሲቀይርም አብሬው እቀይራለሁ። ካልጋሪም ሆነ ዳላስ፣ ኪቦርዴን ተሸክሜ የምጠራው ለዚህ ነው። «አንተ እኮ ማንንም አታሳፍርም!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ መድረክ ላይ ማንንም አሳፍሬ አላውቅም። ማሳፈሩን ለሚስቴ አስቀምጬው ነበር።

ያኔ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ከገባን ብዙ አልቆየንም፤ ልጃችን ገና መዳህ ጀምራለች። ኤድመንተን ሁለት ሰርግ ሠርቼ በጠዋት በረራ ገብቻለሁ፣ ሶፋው ላይ ተዘርሬ ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል። ሚስቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የሰፈር ዘፈን ነው፤ ከድምፁ ትንሽ ወረድ ብላ ይዛዋለች። ትንሽ! ያ አጎት ከሚስተው ጋር ሲተያይ ምንም ነው። እኔ ግን ከሶፋው ሳልነሳ፣ «እባክሽ፣ ወይ ውጪ ወይ ውረጂ! እዚያ መሃል የሚባል ድምፅ የለም» አልኳት።

«እሺ ጌታው፣ ይቅርታ» ብላ ሳቀች። ሽንኩርቷን ጨረሰች። እኔም እንቅልፌን ለጠጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጸጥ አለ፤ እኔ ደግሞ ጸጥታውን ወደድኩት። «ቤቴ ስገባ ሙዚቃ መስማት አልፈልግም» እል ነበር ለሰው፣ እንደ ትልቅ ነገር። ልምምዴንም በኢርፎን ነው የምሠራው። ሚስቴ መዝፈን ማቆሟን ሳላስተውል ልጃችን አንደኛ ክፍል ገባች። ምን ዓይነት ጆሮ ነው ይሄ? የጊታሩ አንድ ክር ሲላላ ከመድረኩ ጥግ ይሰማል፤ የሚስቱን ዝምታ በዓመታትም አይሰማም!

አንድ አርብ በበረዶ ምክንያት ትምህርት ቤትም ተዘጋ፣ በረራዬም ተሰረዘ። ከኤርፖርት ተመልሼ ከአሳንሰሩ ስወጣ ከቤታችን ዘፈን ሰማሁ። ሲዲ የተከፈተ መስሎኝ ነበር። ሚስቴ ነበረች፤ ያንኑ ዘፈን፣ እዚያው ወረድ ያለችበት ቦታ ላይ ሆና። ልጄ ትቀበላታለች፣ ያውም ከእናቷ እኩል ወርዳ። ያጨበጭባሉ፣ ይስቃሉ። ደስ ብሎኝ በሩን ከፈትኩ።

ቀጥ አሉ።

«ውይ፣ መጣህ እንዴ? ምሳ በልተሃል?» አለች ሚስቴ።

እራት ላይ ልጄ፣ «ዳዲ፣ ኔክስት ትሪፕህ መቼ ነው?» አለችኝ።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ሁለት ሳምንት የትም አልሄድም» ብዬ ፀጉሯን ዳበስኳት።

ፊቷ ቅጭም አለ። «ባት፣ ማሚ የምትዘፍነው አንተ ስትሄድ ነው።»

«ዝም ብለሽ ብዪ!» አለቻት እናቷ። ልጄ ከመንገድ በደወልኩ ቁጥር መቼ እንደምመለስ ስትጠይቀኝ፣ ናፍቄያት ነው ብዬ አንጀቴ ይንሰፈሰፍ ነበር እኮ። ለካ ስመለስ ዘፈኑ እንደሚቆም ታውቃለች። እንዲህ ያለ እፍረት አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ኪቦርዱን ሳሎን ዘረጋሁ። «በይ እስቲ፣ እኔ ልከተልሽ» አልኳት።

«ኧረ ተወኝ! የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» አለችኝ እየሳቀች።

ለመንኳት። ልጅቷም ለመነቻት። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። ተከተልኳት፤ ለየትኛውም አጎት እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ወረድ አለች። እኔም አብሬያት ወረድኩ። ቅንድቤ ግን፣ ይሄ የማይረባ ቅንድቤ፣ ወደ ላይ ሄደ። አየችው።

«ወጡ እንዳያርብኝ» ብላ ተነሳች። ወጥ አልተጣደም ነበር።

አሁን እሑድ እሑድ «ልምምድ አለብኝ» ብዬ እወጣለሁ። ምንም ልምምድ የለኝም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፤ ጥቂት ቆይተው ይጀምራሉ። እናትና ልጅ እዚያው መሃል ናቸው፣ የለም ባልኩት ድምፅ ላይ፣ አንዷ ከሌላዋ ሳትለይ። እዚያ ቆሜ ስሰማ ደስታውም ጸጸቱም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ባለፈው እሑድ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት አዛውንት የታጠበ ልብሳቸውን በቅርጫት ይዘው ሲመጡ በራችን ላይ ተገትሬ አገኙኝ። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ቁልፍ ጠፋብህ እንዴ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«የለም፣ ይዣለሁ» አልኳቸው፤ ከውስጥ እንዳይሰሙኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።